ስምህን አየሁት
ከፕሬበን ስኮው

ሰው ባለበት ቦታ ሁሉ ምን እንደገዛችሁ ከእናንተ ቀድማ የምታውቅ አንዲት ሴት አለች። ከሱቅ ስትወጡ ፌስታላችሁን በዓይኗ ፈትሻ ትጨርሳለች። “ዛሬ ደግሞ ሁለት ኪሎ? እንግዳ አለባችሁ እንዴ?” ትላለች። ይህችን ሴት የማያውቅ አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ፤ ወይ ጫካ ውስጥ ነው ያደገው፣ ወይ ይዋሻል። እኛ መንደር ያለችው ግን ከሌሎቹ ሁሉ ትብሳለች፤ የእኛዋ ማስረጃ አላት።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ቱራ ይባላሉ። ፊት ለፊት ስንገናኝ “አንቺ ቱራ” ነው የምላቸው። እዚህ ዴንማርክ ከንጉሡ ቤተሰብ በቀር አንቱ የሚባል የለም፤ የአጥቢያው ቄስም፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅም አንተ ነው። እኔም በዚህ መንደር ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ፣ ርዕሰ መምህር ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ የስድስት ዓመት ሕፃን “አንተ ፕሬበን፣ ሽንት ቤቱ ሞልቷል” ሲለኝ ኖሬአለሁ። በዚህ ጽሑፍ ግን ወይዘሮ ቱራን አንቱ እላቸዋለሁ። ምክንያቱን ወደ በኋላ ታገኙታላችሁ፤ ለአሁኑ አንቺ የምልበት ፊት እንደሌለኝ ብቻ እወቁልኝ።

ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ቤታቸው ከመንደራችን ከሶንደርሎ ወደ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ መታጠፊያው ላይ ነው። ከአጥራቸው ውጭ፣ መንገዱ ዳር፣ ጣሪያ ያላት የእንጨት መደርደሪያ አለቻቸው። በሰኔ አዲስ ድንች፣ በሐምሌ እንጆሪ፣ በመስከረም ቀይ ሥርና ማር ይደረደርባታል፤ እንቁላልና ማርማላታ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። ሻጭ የለም። የፈለጋችሁትን ታነሣላችሁ፣ ዋጋውን ትከፍላላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ደሴታችን ላይ እንዲህ ያለ ጉልት በየሁለት ኪሎ ሜትሩ አለ፤ ማንም እንደ ተአምር አይቆጥረውም።

ድሮ የሚከፈለው በቆርቆሮ ነበር። ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ በቢላ ተበስቷል፣ ከመደርደሪያው እግር ጋር በሽቦ ታስሯል። ሳንቲም ሲገባበት ቅጭል ይላል። ወይዘሮ ቱራ ወጥ ቤታቸው መስኮት ሥር ተቀምጠው ድምፁን በሰሙ ቁጥር “አመሰግናለሁ!” ብለው ይጮኻሉ። ለማን እንደሚጮኹ ግን አያዩም፤ መሃል ላይ ትልቅ የጽጌረዳ ቁጥቋጦ አለ።

ከዚያ ሰዉ ሳንቲም መያዝ ተወ። መጀመሪያ ወጣቶቹ ተዉ፣ ቀጥሎ ለእረፍት የሚመጡት ከተሜዎች፣ ቀጥሎ እኛ። መኪናቸውን አቁመው ድንቹን በጉጉት ካዩ በኋላ ኪሳቸውን ዳብሰው የሚሄዱት በዙ። የወይዘሮ ቱራ የእህት ልጅ መጥታ ስልክ ገዛችላቸው፣ በስልክ ገንዘብ መክፈያውን ጫነችላቸው፣ የስልክ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ በነጭ ቀለም ጻፈችላቸው። ቆርቆሮው ወደ ምድር ቤት ወረደ። ይህ ከሆነ ሰባት በጋ አልፎታል።

አዲሱ መክፈያ ታዲያ ቆርቆሮው የማያውቀውን ነገር ያውቃል፤ የከፋዩን ስም። በከፈላችሁ ቁጥር ስማችሁ ከነአባት ስማችሁ፣ ከነሰዓቱ፣ ወይዘሮ ቱራ ስልክ ላይ ይወጣል። በየሱቁ እንዲህ ነው፣ ማንም ልብ አይለውም። ወይዘሮ ቱራ ግን እንደ ደብዳቤ ቆጠሩት። ሠላሳ ክሮነር የላከላቸው ሰው ሁሉ “እንደምን ሰነበትሽ” ያላቸው ይመስላቸዋል። ደብዳቤ ደግሞ መልስ ይፈልጋልና ለእያንዳንዱ መልስ ይጽፋሉ፦ “ስምህን አየሁት። አመሰግናለሁ። ድንቹን ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በላይ እንዳትቀቅለው።”

እኔ ድንች የምቀቅለው ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። አርባ ዓመት እንደዚያ ነው የቀቀልኩት፤ ርዕሰ መምህር የነበረ ሰው ከድንች ሻጭ ትእዛዝ አይቀበልም።

ስልኩን በአረንጓዴ የጫማ ክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል። ጆሯቸው ደከም ስላለ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገውታል። የቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ተጫዋች የነበረው የካይ ቀብር ዕለት ቄሱ አፈሩን በእጁ ይዞ “ከአፈር መጣህ” ሲል ከወይዘሮ ቱራ ደረት ላይ “ኪንግ!” አለ። ክብርትነታቸው መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን አዩና፣ በሹክሹክታ ያወሩ መስሏቸው፣ መቃብሩ ዙሪያ ለቆመው ሁሉ አሰሙ።

“ካርስተን ነው። ሁለት ጎመን።”

ካርስተን የሟች ወንድም ልጅ ነው። በጉንፋን ተኝቻለሁ ብሎ ነበር ከቀብሩ የቀረው።

ሆልገርንም ያጋለጡት እሳቸው ናቸው። ሆልገር የስኳር ሕመም አለበት፤ ሐኪሙ ጣፋጭ በዞረበት እንዳይዞር ነግሮታል። አንድ ቀን ወይዘሮ ቱራ ሚስቱን ቤንተን ሱቅ ውስጥ አግኝተው፣ “ቤንተ፣ የባልሽን ስም ማክሰኞ አየሁት፣ ሐሙስም አየሁት። ያን ሁሉ ማርማላታ ማን ነው የሚበላላችሁ?” አሏት። ቤንተ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማንም የሚበላ አይመስላትም ነበር። አሁን ሆልገር ማርማላታ ሲያምረው ሁለት ኪሎ ሜትር በእግሩ ሄዶ ከሌላ ጉልት ይገዛል። ሐኪሙ ጤናው መሻሻሉን ነግሮታል፤ ከእግር ጉዞው ይመስለኛል።

ስም ካላዩ ደግሞ ይደውላሉ። “ስምህን አላየሁትም፤ ታመሃል እንዴ?” ይላሉ። ብቻውን የሚኖረው ሽማግሌው አክሰል በየረቡዑ ስድስት እንቁላል ይገዛ ነበር። አንድ ረቡዕ ስሙ አልመጣም። ሐሙስ ደወሉለት፣ አያነሣም። በብስክሌታቸው ሄደው ደረጃ ሥር ወድቆ አገኙት፤ ዳሌው ተሰብሮ አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት መሬት ላይ ቆይቷል። አምቡላንሱ ሲያነሣው ጎንበስ ብለው “እንቁላልህን አስቀምጬልሃለሁ” አሉት።

እንግዲህ ወይዘሮ ቱራ እኚህ ናቸው። ስለ እሳቸው ይህን ሁሉ የማወራው ደግሞ ስለ ራሴ ማውራት ከብዶኝ ዙሪያውን እየዞርኩ ስለሆነ ነው።

እናቴ ሃያ አምስት ኦሬ ታጠራቅም ነበር። የክሮነር ሩብ ናት፤ ትንሽ፣ ቀላ ያለች ሳንቲም። ከገበያ ወጥታለችና መልሱ ተብሎ ሲታወጅ እናቴ አልመለሰችም። ስትሞት ጣሪያ ሥር ካለው ዕቃ ማስቀመጫ ሦስት ማሰሮ ሙሉ አገኘሁ። ባንክ ወሰድኩት። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው እኔ ሒሳብ ያስተማርኳት ልጅ ናት። “ፕሬበን፣ ጊዜው አልፏል። ይሄ እኮ አሁን ብረት ነው” አለችኝ። የእናቴ ቁጠባ እንዴት ብረት ይባላል ብዬ እየጨስኩ ወጣሁ።

ወደ ቤት ስመለስ ከወይዘሮ ቱራ ጉልት አንድ ከረጢት ድንች አነሣሁ። ኪሴ ውስጥ ሃምሳ ክሮነር ነበር። ይህን አስምራችሁ አንብቡት፤ ነበረኝ። እኔ ግን ከማሰሮው አንድ እፍኝ ዘግኜ ቆርቆሮው ውስጥ አፈሰስኩት። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል፤ ከማንም ክፍያ ይልቅ የእኔ ደመቀ። ከቁጥቋጦው ጀርባ “አመሰግናለሁ!” የሚል ድምፅ መጣ። ጥሩ ሰው ቢሆን ያኔውኑ ይመለስ ነበር። እኔ የሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው አደረግኩ።

አራት በጋ። ማሰሮዎቹ እስኪያልቁ አራት በጋ ፈጀብኝ። ያኔ ገና ሥራ ላይ ነበርኩ፤ በየሰኞው ጠዋት ልጆቹን አሰልፌ የጓደኛውን እርሳስ አንሥቶ ኪሱ ስለከተተ ልጅ እመክራለሁ፣ እቆጣለሁ፣ ጣቴን እቀስራለሁ። ማክሰኞ ዓይኔን በጨው ታጥቤ በእናቴ ሳንቲም ድንች እወስዳለሁ። ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ በተጻፈ ማግስት ስልኬን አውጥቼ ሙሉውን ከፈልኩ፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ኦሬ አላጎደልኩም። ሐቀኛ የሆንኩት ስሜ መታየት ሲጀምር ነው ማለት ነው። ከዚህ የባሰ ነገር ስለ ራሴ አላውቅም።

“ስምህን አየሁት” የምትለው መልእክት በመጣች ቁጥር ጀርባዬን ላብ ያጠምቀው ነበር። ቢሆንም ሰባት በጋ አለፈ፤ ማንም የሚያስታውሰው አልመሰለኝም።

ባለፈው ወር መንደሩ አዳራሽ ውስጥ የጋራ እራታችን ላይ ወይዘሮ ቱራ ብርጭቋቸውን በማንኪያ መቱ።

“ቆርቆሮዬን ልመልሰው ነው” አሉ።

“የምን ቆርቆሮ?” አለች ቤንተ። “ሳንቲም የሚይዝ ማን አለ?”

“አንድ ሰው አለ። ያኔ፣ በቆርቆሮው ጊዜ፣ የተሻረ ሃያ አምስት ኦሬ የሚጥል ሰው ነበር። መጀመሪያ ‘ይሄ ሌባ!’ ብዬ ተናደድኩ። ኋላ ግን አሰብኩት። ሌባ ቢሆን ለምን ይጥላል? አንሥቶ ይሄዳል፣ ማን ያየዋል? ይሄ ሰው ባዶ እጁን መውሰድ አፍሮ ያለችውን ነው የጣለው።” መሐረባቸውን አወጡ። “ቁጥሩን ካደረግኩ በኋላ ጠፋ። ስልክ የለውማ! የሁላችሁም ስም ይመጣልኛል፣ የእሱ አይመጣም። ሰባት በጋ ሙሉ በሬን ዘግቼበት ኖሬአለሁ።”

አፌ ውስጥ ድንች ነበር። የራሳቸው የወይዘሮ ቱራ ድንች።

“ቪጎ ነዋ!” አለ ሆልገር። “ሌላ ማን ይሆናል? በዚህ መንደር ዘመናዊ ስልክ የሌለው እሱ ብቻ ነው።”

“ምስኪን ቪጎ” አለች ቤንተ። ምስኪን ቪጎ የሚለው ቃል ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። ወይዘሮ ቱራ “እኔ ማንንም አላልኩም” አሉ፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። ቪጎ ራሱ ያን ቀን አልመጣም። እሱ አይደለም ለማለት ለእኔ አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እየተመኘሁ ተነሥቼ ሳህን መሰብሰብ ጀመርኩ። ሴቶቹ “ፕሬበን ምን ነካው፣ ዛሬ ሥራ ወደደ” ብለው ሳቁብኝ።

በማግስቱ ቆርቆሮው ቦታው ላይ ታሰረ። አጠገቡ አንድ ከረጢት ድንችና እንዲህ የሚል ወረቀት ተቀመጠ፦ “ለባለ ድሮ ሳንቲሙ። ያለህ ይበቃል። ና።”

ቪጎ ረግረጉ ዳር፣ ጎማ ባለው ተጎታች ቤት ውስጥ ብቻውን የሚኖር፣ ብስክሌት የሚጠግን ሰው ነው። መንደሩ በደግነት ዘመተበት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ደጃፉ ላይ ዳቦ፣ ግማሽ የተጨሰ ዓሣ፣ የቤንተ ሟች ወንድም ካፖርትና ያገለገለ ስልክ ተቀመጠለት። ስልኩ ላይ “ቀስ ብለህ ትለምደዋለህ” የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሐሙስ ረፋድ ላይ ቪጎ ካፖርቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ቤቴ መጣ። ግባ ብለው አልገባም።

“ጋዜጣ ላይ የምትጽፈው አንተ አይደለህ?” አለኝ።

“ነኝ።”

“እንግዲያው ጻፍልኝ። ቪጎ አይደለም ብለህ ጻፍ።”

“ምኑን?” አልኩት። ምኑን አልኩት!

“ምኑን እንደሆነ ታውቃለህ፤ አዳራሽ ውስጥ ነበርክ። አሥራ ሁለት ዓመት ከቱራ ድንች ስገዛ ሁልጊዜ ሙሉ ነው የጣልኩት። ዝርዝር ሳጣ አስበልጬ እጥላለሁ። የተውኩት ስልክ ይዞ መዞር ስለማልወድ ነው እንጂ አጥቼ አይደለም። ትናንት ሆልገር ጎማ ሲያስለጥፍ እጥፍ ከፍሎኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔን!”

“ሰዎቹ እኮ በደግነት ነው፣ ቪጎ…”

“ደግነታቸው መች ጠፋኝ? ሌባ ብለው ቢሰድቡኝ እመልስላቸው ነበር። ምስኪን ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስ?” ካፖርቱን የቤቴ በር እጀታ ላይ ሰቀለው። “አንተ ከጻፍከው ያምናሉ። ልጆቻቸውን ያስተማርክ ሰው ነህ። ይሄንንም ለቤንተ መልስልኝ።”

ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ሄደ። እኔም ተቀምጬ ጻፍኩ። ምን እንደጻፍኩ ስነግራችሁ አሁንም ጆሮዬ ይግላል። ስለ ስልክ መክፈያና ስለ ተረሱ ወገኖች እንባ የሚያስመጣ መግቢያ ሠራሁ፤ ከዚያ ባለ ድሮ ሳንቲሙ ቪጎ ሳይሆን በብስክሌት የሚያልፍ አንድ ጀርመናዊ ቱሪስት ሳይሆን እንደማይቀር አስረዳሁ። ቪጎ ነፃ ይወጣል፣ እኔም አልነካም፣ ጀርመናዊው ደግሞ የእኛን ጋዜጣ አያነብም። ሦስት ጊዜ አንብቤው ሦስቴም ወደድኩት። ጎሽ ይሉኛል ብዬ ለወይዘሮ ቱራ ወሰድኩላቸው።

ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

“ጀርመናዊ የዴንማርክን የተሻረ ሳንቲም ከየት ያመጣል?” አሉኝ።

“ከድሮ ጉዞው… ተርፎት ሊሆን ይችላል።”

“በየሳምንቱ? በጥቅምት ዝናብ? ሞኝህን ፈልግ፣ ፕሬበን። ይሄ ሰው የእኛው ነው። አሮጌ ቤት፣ የእናት አባት ዕቃ ያለው ሰው ነው።”

እንደ ምንም ብዬ “ብታገኚው ምን ትይዋለሽ?” አልኳቸው።

“ሰባት በጋ የት ነበርክ እለዋለሁ። ሌላ ምን አለኝ?” ወረቀቱን መለሱልኝ። “እንዲመጣ ነው የምፈልገው። ቪጎም አኩርፎኛል መሰለኝ፣ ትናንት ሰላም ስለው ዝም ብሎኝ አለፈ። ምን አደረግኩት?”

ሰባት በጋ የት ነበርኩ? በየሳምንቱ እዚያው ነበርኩ፤ ያን ወንበራቸውን እስክሰብር ተቀምጬበታለሁ፣ ኬካቸውን በልቻለሁ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ስወጣ ደግሞ እንጆሪ በእጄ አስያዙኝ።

ጉልቷ ጋ ስደርስ ከጽጌረዳው ጀርባ ቆምኩ፤ ድሮ ከእይታቸው የሚጋርደኝ እሱ ነበር። ስልኬን አወጣሁ። መጠኑ ላይ ምን እንደምጽፍ ጨነቀኝ፤ ብዙ ብልክ ዝምታቸውን የምገዛ መሰለኝና የአንድ ከረጢት ድንች ዋጋ ብቻ ጻፍኩ። ከሥሩ መልእክት የሚጻፍበት ቦታ አለ። ሰባት በጋ ባዶውን ነበር የላክሁት። “ባለ ሃያ አምስት ኦሬው እኔ ነኝ። ገንዘብ ነበረኝ። ፕሬበን” ብዬ ጻፍኩና ላክሁት።

ከመስኮቱ ውስጥ “ኪንግ!” አለ።

እዚያው ቆሜ ጠበቅኩ። ጥፋት ሠርተው ቢሮዬ በር ላይ የሚቆሙ ልጆች ለምን ጫማቸውን ጫማቸውን እንደሚያዩ በስተርጅና ገባኝ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ስልኬ ተንቀጠቀጠ።

“ስምህን አየሁት።”

ቀጥሎ ሌላ መጣ፦ “ለእኔ ከፍለሃል። ለቪጎ ግን በስልክ አይከፈልም፣ ስልክ የለውም። ሄደህ በአፍህ ንገረው።”

ይኸው ነበር። ስለ ድንቹ ደቂቃ አንድም ቃል አልጻፉም። ሰባት በጋ ያበሸቀችኝ ምክር ቀረችብኝ።

ቪጎ አንዱን ብስክሌት ገልብጦ ጎማውን ያሽከረክር ነበር። ቆሜ ነገርኩት። ጎማው ዞሮ ዞሮ ሲቆም ቀና አለ።

“አጥተህ ነው?” አለኝ።

“አይደለም።”

“ታዲያ ለምን?”

“ማንም አያየኝም ብዬ።”

“እኔ ደግሞ ጻፍልኝ ብዬ የመጣሁት አንተ ጋ!” ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። “ይሄን ጻፈው። ስምህን ከላይ አድርገው፤ ከታች ያለውን ሰው አያነብም።”

“እሺ።”

“ካፖርቱንስ መለስክላት?”

“ገና ነው።”

“እንግዲያው አንተው ልበሰው። ለአንተ ነው የተሰጠው።”

ስለዚህ ስሜ ከላይ አለ። የሶንደርሎ ሰዎች፣ ቪጎ አይደለም። ቪጎ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋጋውን፣ አንዳንዴም አስበልጦ የከፈለ ሰው ነው። እኔ ነኝ። ልጆቻችሁን ስለ እርሳስ ስመክር የነበርኩት እኔ። ዳቦውንና ዓሣውን ያመጣችሁለት ሰዎች ይቅርታ ልትጠይቁት ስትሄዱ እባካችሁ ትከሻውን አትምቱት።

ዛሬ ጠዋት ይህን ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ድንች ልገዛ ሄድኩ። ቪጎ ቀድሞኝ ጉልቷ ጋ ቆሟል። ወረቀቱ ተነሥቷል፣ ቆርቆሮው ግን አለ። ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ጣለ። መስኮቱ ተከፈተና ያ ድምፅ ቁጥቋጦውን አልፎ መጣ።

“ቪጎ! ሳንቲምህን ሰማሁት!”

ቪጎ እጁን አነሣላቸው፤ ፈገግ ሲል አየሁት። ዞር ሲል እኔን አየ፣ ፈገግታውን ዋጠና በአጠገቤ ብስክሌቱን እየገፋ አለፈ። ሰላም አላለኝም። አልቀየምኩትም።

በስልኬ ከፈልኩ። ከውስጥ “ኪንግ!” አለ፤ መስኮቱ ግን አልተከፈተልኝም። ቤቴ ገብቼ ውሃ ጣድኩ። ጋዜጣው ሲወጣ ፊቱን የሚያዞርብኝ ብዙ ነው፣ ይገባኛል። ሰው ስሜን ከነጉዱ አይቶ ከእንግዲህ ስለ እኔ ምን ያስባል እያልኩ ድንቹን ስከት ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ።

“ስምህን አየሁት። አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ እንዳታደርገው።”

ይህችን ሰላይ፣ ይህችን ወሬኛ፣ ይህችን የሰው ጓዳ አዋቂ እንዴት እንደምወዳቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ሰዓቴን አውልቄ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩ፤ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ አወረድኩት። አንዱን ልጬ በጨው ቀመስኩት። አርባ ዓመት ሙሉ የተበላሸ ድንች ስበላ ኖሬአለሁ።